ለእንግዳ የታጠበችው መኪና

የእሳት አደጋ ጣቢያው ሠራተኞች አሮጌዋን መኪናቸውን «አክስቴ» ይሏታል። ጠዋት ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት ስለ እሷ ነው።

«አክስቴ እንዴት አደረች?»

«እያለቀሰች።»

ለቅሶዋ የውሃ ጋኗ ከሥር ዝጎ ስለሚያንጠባጥብ ነው። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖዋም ከደከመ ቆይቷል፤ መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል። ሞቅ ካላት በቁልፍ ትነሳለች፤ ከቀዘቀዘች ግን ካልተገፋች በስተቀር ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ያቆሟታል። ጥሪ ሲመጣ ሾፌሩ መሪ ይይዛል፣ የቀሩት ከኋላ ይገፋሉ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎማ ጠጋኝም የያዘውን ጥሎ እየሮጠ ይመጣና ያግዛቸዋል። ቁልቁለቱን ስታጋምስ ሁለት ሦስቴ ታስልና ጥቁር ጭስ ተፍታ ትነሳለች።

የጣቢያው ኃላፊ ይህን ሁሉ እያየ አንድም ቀን አልለመደውም። ጫማው አቧራ የማይነካው፣ የቱቦዎቹ ጥቅል ጫፍ እኩል ካልሆነ አስፈትቶ የሚያስጠቀልል ሰው ነው። ያደገው እንግዳ በር ሲያንኳኳ የተቀደደው ወንበር ወደ ግድግዳ በሚዞርበት ቤት ነው። አክስቴ ስትገፋ መንገደኛ ቆሞ ካየ፣ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ሁሉ ሰዓቱን ያያል።

አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ወሬ መጣ። ከተማው ያረጁትን የእሳት አደጋ መኪናዎች በአዲስ ሊተካ ነው፤ ለጊዜው የተገዛችው ግን አንዲት ብቻ ናት። ከሁሉም ጣቢያ የባሰባት መኪና ተለይታ በአዲሷ እንድትተካ፣ አንዲት ኢንጂነር እየዞረች ታያለች።

«በቃ ተገላገልን!» አለች አፏ ስለሚቆርጥ ምላጭ የሚሏት የእሳት አደጋ ሠራተኛ። «ከአክስቴ የባሰባት ከየት ይመጣል?»

ሾፌሩም ሳቀ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ኃላፊውን ሥራ ያስተማረውም እሱ ነበር። ኃላፊው ግን አልሳቀም። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። የተላጠ ቀለም፣ በሽቦ የታሰረ መስታወት፣ ከሥሯ የተኛው ኩሬ።

«እንዲህ ሆና ሰው ፊት አትቀርብም» አለ። «እጠቧት።»

«አለቃ፣ ልንድራት ነው እንዴ?» አለች ምላጭ።

«ጣቢያው የእኛ ነው። ዝርክርኮች እንዲሉን አልፈልግም።»

መታጠብ የጀመረው ነገር በመታጠብ አላቆመም። የፊት ብረቷ ቀለም ተቀባ። በሽቦ የታሰረው መስታወት ተፈትቶ በብሎን ጠበቀ። ኃላፊው ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ከሥሯ ገባና የጋኑን ቀዳዳ በደረቅ ሳሙና እያሸ ደፈነው። ሳሙና ለጥቂት ሰዓት እንጂ እንደማይይዝ ያውቃል። ኩሬው ተጠርጎ መሬቱ ደረቀ።

ኢንጂነሯ በምትመጣበት ጠዋት ደግሞ ሾፌሩን ጠርቶ «አሁኑኑ ገፍተን እናስነሳት፤ ትሙቅና ልትደርስ ስትል አጥፋት» አለው።

ሾፌሩ ፊቱን አየው። «ለምን? እንዳለች ይዩዋት እንጂ። የመጡት'ኮ ለዚህ ነው።»

«ሰው ፊት ስንገፋ እንድንታይ ነው የምትፈልገው?»

«እኔ የምፈልገው አዲስ መኪና ነው።»

«ጋኗን ያዩታል፣ ጎማዋን ያዩታል፣ ዕድሜዋን ያውቁታል። መገፋቷን ማየት ምን ይጨምርላቸዋል? በል ወንድሜ፣ አታዋርደን።»

ገፏት። ሞቀች። ጠፋች።

ኢንጂነሯ ብዙ የማትናገር፣ ቱታዋን ለብሳ የመጣች ሴት ነበረች። ጎማውን በእጇ ዳሰሰች፣ ከሥር ጎንበስ ብላ ደረቁን መሬት አየች፣ ኮፈኑን አስከፍታ እጇን ሞተሩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ «አስነሷት» አለች።

ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። አክስቴ ባንድ ጊዜ ተነሳች። ፓምፑም ውሃውን ከግንቡ በላይ ወረወረው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለች ኢንጂነሯ ወደ ኃላፊው ዞራ።

እውነተኛው መልስ አጭር ነበር፤ አይደለችም ማለት ብቻ። ሾፌሩ ከመሪው ጀርባ ሆኖ ያየዋል፤ ምላጭ ቱቦ እንደያዘች ታየዋለች። ኃላፊው ኮሌታውን አስተካከለና «እንክብካቤ ነው» አለ።

ምላጭ ቱቦውን ዘጋች። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ። አዲሷ መኪና በሚቀጥለው ሳምንት ለወንዝ ማዶው ጣቢያ ትሰጣለች። «ያንተ ጣቢያ አያያዝ ግን» አለ የደወለው ሰው፣ «ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ነው። እንኳን ደስ ያለህ!»

«አመሰግናለሁ» አለ ኃላፊው፤ ስልኩን ካስቀመጠ በኋላም እጁን ከላዩ አላነሳም። ለሠራተኞቹ ሲነግራቸው ማንም አልጮኸበትም። ሾፌሩ ብቻ «ወንዝ ማዶዎቹ'ኮ መኪናቸው በቁልፍ ነው የምትነሳው» ብሎ ወጣ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ «እህስ፣ አዲሷ መቼ ትገባለች?» አለችው።

«ለሌላ ሰጧት።»

«ውይ! አድልዎ ነው በለኛ!»

ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ሚስቱም ዝምታውን እንደ ጨዋነት ቆጥራ «አንተ ደግሞ መከራከር አትወድም» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

በማግስቱ ከሰዓት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቃጠለ የሚል ጥሪ መጣ። አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ቀዝቅዛ ቆማ ነበር። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ፤ አቃሰተችና ዝም አለች። ገፏት። ጎማ ጠጋኙም እየሮጠ መጣ። ቁልቁለቱን ስታጋምስ አሳለች እንጂ አልተነሳች፤ ታች ሜዳው ላይ ደርሳ ቆመች። ከሜዳው ላይ ደግሞ የሚገፋ ሰው እስኪሰበሰብ፣ የታክሲ ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ወርደው እስኪያግዙ ድረስ ጭሱ ከጣሪያዎች በላይ ወጥቶ ጠቆረ።

ሲደርሱ የእንጨት ሥራ ቤቱ ጣሪያ ወድቋል። ጎረቤቱ በባልዲ ውሃ ይረጫል። እነሱ የቀሩትን ቤቶች አተረፉ፤ ሰውም አልተጎዳም። የሥራ ቤቱ ባለቤት አናጢው ግን የቅንድቡ ፀጉር ተለብልቦ፣ ከእሳቱ ያወጣትን አንዲት መላጊያ ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ትንሽ ቀደም ብትሉ ምን ነበረበት?» አለ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ።

አናጢው ቀና አለ። «ተው አንተ! መኪናዋን አታያትም እንዴ? እነሱ ምን ያድርጉ፣ የሰጧቸው እሷን ነው።» ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሮ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ለፍታችኋል» አለና እጁን ዘረጋለት።

ኃላፊው የተዘረጋውን እጅ ጨበጠ። የወቀሰው ሰው ቢደግምለት፣ አንድ ድንጋይ እንኳ ቢወረውርበት ይቀለው ነበር። ያመሰገነውን ሰው ዓይን ማየት ስላልቻለ መላጊያዋን አየ፤ እጀታዋ በእጅ ብዛት ጎድጉዷል።

ከዚያው ቀጥ ብሎ፣ ጭስ ጭስ እንደሸተተ፣ ወደ ኢንጂነሯ ቢሮ ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን አየ። ጭቃ ነው። ሳይጠርገው ገባ።

«ያን ቀን ያየሽው… ያዩት ውሸት ነበር» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ከመምጣትዎ በፊት ገፍተን አሙቀናት ነበር። ጋኗንም በሳሙና ደፍኜው ነው።»

ኢንጂነሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሞተሩ እጄን ሲያሞቀው ከጥሪ የተመለሳችሁ መስሎኝ ነበር። መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ጠይቀውኛል'ኮ። ሁልጊዜ እንዲህ ናት ወይ ብለውኛል። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«አልገባኝም» አለች። «ሌላው ጣቢያ ደህናውን ፈታትቶ፣ ያልተበላሸውን ተበላሽቷል እያለ ነው የሚያሳየኝ። እርስዎ አዲስ መኪና አይፈልጉም?»

«እፈልጋለሁ እንጂ።»

«ታዲያ?»

ኃላፊው ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «አፍሬባት ነው» አለ።

ኢንጂነሯ ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። «ነገ መኪናዋ ለማን እንደምትሰጥ የሚወስነውን ኮሚቴ በሙሉ ይዤ እመጣለሁ» አለች። «ማንም እንዳይነካት። ውሳኔው ለምን እንደገና እንደሚታይ ግን እኔ አልነግራቸውም። የሚናገሩት እርስዎ ነዎት፤ እዚያው፣ ሰው ሁሉ ባለበት።»

በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው ግቢው ውስጥ ቆመ። አክስቴ እንዳደረች ናት፤ ኩሬዋ ከሥሯ ተኝቷል። ኃላፊው ከፊታቸው ወጣ። ሌሊቱን ሲያሰካካው ያደረው ንግግር ጠፋበትና፣ ለኢንጂነሯ የነገራትን ብቻ ደገመው፤ ማሞቁን፣ ሳሙናውን፣ «እንክብካቤ ነው» ማለቱን። የአናጢውንም ነገራቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ «አስነሷት» አለ።

ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። አክስቴ አቃሰተች። ደገመ። አቃሰተች። በሦስተኛው ጠቅ ብላ ዝም አለች።

ይሄኔ ከመንገዱ ማዶ ጎማ ጠጋኙ ድምፁን ሰምቶ፣ ጎማ ሊያስጠግኑ የመጡ ደንበኞቹን አስከትሎ እየሮጠ መጣ። «በሉ በሉ፣ ምን ታያላችሁ! እንግፋ!» አለ። የጣቢያው ሠራተኞችም ሳይታዘዙ፣ እግራቸው ለምዶት ወደ ኋላዋ ሄዱ።

«ተዉ!» አለ ኃላፊው። እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘጋባቸው። «ማንም እንዳይነካት። ትታይ።»

ጎማ ጠጋኙ ግራ ገብቶት ቆመ። አጥር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ኮሚቴው መኪናዋን አየ፤ መኪናዋን ሲጨርስ ኃላፊውን አየ። ፊቱ እሳት እንደነካው ነደደ፤ ሰዓቱን ግን አላየም።

ሰብሳቢው በመጨረሻ «አዲሷ እዚህ ትገባለች» አለ። «ወንዝ ማዶዎቹ ይጠብቃሉ። ያንተን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው እናየዋለን።» ሳይጨብጠው ወደ መኪናው ሄደ።

ማንም አላጨበጨበም። አዲሷ እስክትመጣ ቀናት ይቀራሉ፤ ጥሪ ግን አሁንም ሊመጣ ይችላል። አክስቴ ሞቃ መቆየት አለባት።

«በሉ አሁን» አለ ኃላፊው፣ ኮሚቴው ገና በሩን ሳይወጣ። ሄዶ ከሁሉም ፊት፣ ኩሬው መሃል ቆመና ትከሻውን ከኋላዋ አስደገፈ።

«አለቃ፣ ዩኒፎርምህ!» አለች ምላጭ አጠገቡ እየቆመች።

«ተይው» አለ። «ግፊ።»