ስሙን ጥራው

ላስቲኩ የዓሣ ገንዳው ውሃ ላይ ተንሳፍፏል። ውስጡ የጣት ርዝመት ያላት አንዲት ዓሣ ትዞራለች፤ ሰማያዊ ናት፣ ከአፏ እስከ ጅራቷ ጥቁር መስመር ወርዶባታል። የላስቲኩ ውሃ ከገንዳው ጋር ሙቀቱ እስኪስተካከል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ተቀዶ ትለቀቃለች።

ባልየው ከገንዳው ፊት ለፊት ዊልቸሩ ላይ ተቀምጧል። ስትሮክ ቀኝ ጎኑንና ምላሱን ከቀማው ሁለት ዓመት ሆነው። ዓይኑ ግን ደህና ነው። ዓሣዋን እንዳየ በጤነኛ እጁ የወንበሩን መደገፊያ ጨመደደ።

«አወቅካት?» አለችው ሚስቱ እጇን በፎጣ እያደረቀች። «እንግዲያው ስሟን ጥራ። ሰዓቱ ሳይሞላ በትክክል ከጠራኸው ወደ ሱቁ እመልሳታለሁ።»

«አንተ» ማለት የጀመረችው ከታመመ ወዲህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት «እርስዎ» ስትለው ኖራለች። ጥግ ላይ ሹራብ የምትሠራው የባሏ እህት ይህን ከፍቅር ቆጥራዋለች።

«አቤት ትዕግሥትሽ!» አለች እህትየው። የንግግር ሐኪሟ ያዘዘችውን እሷም ሰምታለች፦ ቃል ሲጠፋው አትጨርሱለት፣ ራሱ ፈልጎ ያምጣው።

ባልየው መድኃኒት ቤት የነበረው ሰው ነው። ለእሱ ዓሣ እንዲሁ ዓሣ አይባልም፤ የሳይንስ ስሙ፣ ያውም ሁለቱም ቃል፣ አንድ ድምፅ ሳይጎድል መጠራት አለበት። ሳይታመም በፊት እሑድ እሑድ እንግዶቹን ገንዳው ፊት ያቆምና ሚስቱን ከጓዳ ይጠራት ነበር። የገንዳውን ውሃ ጨው መዝና የምትበጠብጠው፣ መስታወቱን የምትወለውለው እሷ፤ ስም የሚጠራው እሱ። አንድ እሑድ የንጉሡን ስም ጥሪ አላት። «ንጉሡ» ባለ ቢጫና ሰማያዊ መስመሩ ትልቁ ዓሣ ነው፤ ባልየው ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወደው። ተሳሳተች።

«ከመጀመሪያው ድገሚው» አላት።

ብርጭቆ የሞላ ትሪ እንደያዘች አሥራ አንድ ጊዜ አስደገማት። በደገመች ቁጥር ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ይንቃጨሉ ነበር። «ምን ታድርግ፣ ክር ስትልስ የኖረች ምላስ ናት!» አለ፤ ልብስ ሰፊ ነበረችና። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይህችው እህቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ ማታውን ረሳው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ ሥራ ሲሄድ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስሞቹን አንድ በአንድ ታጠና ጀመር። እሱ ፊት ግን አንዱንም ጠርታ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት የገንዳው አጽጂ ዓሣ ሞተች። አጽጂ ማለት የሌሎቹን ተባይ ከገላቸው የምትለቅም ናት፤ ትልልቆቹ አፋቸውን ከፍተው ራሳቸውን ይሰጧታል። ዛሬ ጠዋት ሚስቲቱ ሱቅ ሄዳ ይህችን ስትመርጥ ሻጩ ደነገጠ።

«እትዬ፣ ይቺ አጽጂዋ አይደለችም። አስመሳይዋ ናት፣ በስህተት ተቀላቅላ ነው የመጣችው። አጽጂ መስላ ትጠጋቸውና ክንፋቸውን ትቦጭቃለች።»

«አውቃለሁ» አለችው። የሁለቱንም ስም ሳትደናቀፍ ጠራችለት።

«ወይ ጉድ! ጋሼ እንኳ እንዲህ አይጠሯቸውም!»

አሁን የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል።

«አ…» አለ ባልየው። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ። «አስ… ፒ…»

«ከመጀመሪያው ድገመው።»

ደገመው። ምላሱ ጥርሱ ላይ ተጋደመች። አሁንም ደገመው። ግንባሩ በላብ ራሰ። እህትየው ሹራቧን አስቀመጠች። «ውሃ ጠምቶት ይሆን እንዴ?»

«አይ፣ ስም እየፈለገ ነው። እንዳላግዘው ሐኪሟ ከልክላኛለች።»

አምስት ደቂቃ ቀረ። ለሃጩ በአገጩ ሲወርድ በፎጣው ጠረገችለት፤ በዚያች ቅጽበት አንጀቷን በላው። ክፉ ሴት ሆና አልተፈጠረችም። ላስቲኩን ላንሣው ይሆን አለች በልቧ። እጇ እስከ ውሃው ደረሰ። ከዚያ የብርጭቆዎቹ መንቃጨል ጆሮዋ ላይ መጣባት፤ እጇን መለሰች።

«አስፒዶ… ንተ… ስ…» ዓይኑን ጨፍኖ አማጠ። «ቴ… ኒያ… ተስ!»

«እሰይ! ተናገረ! ወንድሜ ተናገረ!» እህትየው ብድግ ብላ አጨበጨበች። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፉ ሙሉ ቃል ሲወጣ ይህ መጀመሪያው ነው። በግማሽ ፊቱ እየሳቀ ሚስቱን አንጋጦ አያት፣ ማርኩን እንደሚጠብቅ ተማሪ።

ጆሮው ሥር አጎነበሰች።

«ሰባበርከው» አለችው በቀስታ። «በትክክል ነው ያልኩህ። ስማ፦ አስፒዶንተስ ቴኒያተስ።»

እሱ ራሱ በደህናው ዘመን እንዲያ አጥርቶ ጠርቶት አያውቅም። የባልየው ሳቅ ደረቀ። ያን ሁሉ ዓመት ስታውቅ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባው።

የስፌት መቀሷን አነሣችና ላስቲኩን ቀደደችው።

ዓሣዋ ወደ ታች ሰረገች። ንጉሡ ሳምንቱን ሙሉ አጽጂዋን ሲጠብቅ ከከረመበት ጥግ ወጣ። ክንፉን ዘረጋ፣ አፉን ከፈተ፣ ቀጥ ብሎም ቆመላት።

«አየሽ፣ ወዲያው ወደዳት!» አለች እህትየው።

ባልየው ከጉሮሮው አንድ ድምፅ አወጣ፤ ቃል አልነበረም። ሚስቲቱ ዊልቸሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ መስታወቱ አስጠጋችለት። እሷ ግን ፊቷን አዞረች።