በጫት መኪና የሚሄድ መዝገብ

ሃይብሪድ ሲባል እኔ የማውቀው በቆሎ ነበር። ጭሮ ከተማ የምሠራበት የግል ዩኒቨርሲቲ የመምህራኑን ግማሽ «ሃይብሪድ ሠራተኛ» ብሎ ወደየቤቱ ሲበትን ነው ቃሉ ለሰውም እንደሚሆን ያወቅሁት። እኔን ዘርፈሽዋልን ደግሞ አስተባባሪያቸው አደረገኝ። ሹመቱ ሲነገር ያምራል። ሥራው ግን በደሳ ላለው ላፕቶፕ ማድረስ፣ ሚኤሶ ላለው የኢንተርኔት ጥቅል መሙላት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጭሮ ለሚመጡት ጠረጴዛ ማከፋፈል፣ የቢሮ ቁልፍ በኪሱ ይዞ አዲስ አበባ የገባውን መምህር በስልክ ማሳደድ ነው።

ከዚያ በፊት አሥራ አራት ዓመት የፊርማ መዝገብ ጠባቂ ነበርኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ባዶ በቀረው ሳጥን ሁሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰምራለሁ። ሰው ይፈራኝ ነበር፣ ይወደኝም ነበር። የማን ሚስት እንደወለደች፣ የማን አከራይ ውሃ እንደከለከለ፣ ከሰዓት የማን ለቅሶ እንደሚደረስ የሚሰማው እዚያ መዝገብ ዙሪያ ነው። የስታትስቲክሱ መምህር እንዳሻው ሁልጊዜ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ከባጃጅ ዘሎ ይገባና «ዘርፌ፣ ሰዓትሽ ይቀድማል» እያለ ይፈርማል። አይቀድምም ነበር። ለእሱ ሲሆን ግን እጄ ይዘገያል። ያ ጊዜ ናፍቆኛል፤ ብደብቀው ምን ያደርግልኛል።

እንዳሻው እናቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ሚኤሶ ነው፤ ይኸው ዓመት ከመንፈቁ። እናትየው የባቡር ሠራተኛ ባላቸው የሠራላቸውን ቤት ትተው ንቅንቅ አይሉም፣ ሌላ ልጅም የላቸውም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከዚያው እንዲያስተምር ተፈቀደለት። አንድ ግዴታ ግን አለበት፦ ሳምንቱን በመዝገቡ ላይ በገዛ እጁ መፈረም። መዝገቡ አርብ አርብ በተቋሙ መኪና ይሄድለታል ተባለ። መኪናችን ጎማዋ ተንፍሶ ግቢ ውስጥ ከቆመች ስንት ጊዜዋ ነው። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ለጫት መኪና ሰጠሁት። በዚህ አገር ከጫት መኪና ቀድሞ የሚደርስ ነገር የለም። አርብ ረፋድ ከጭሮ ይነሳል፣ ሚኤሶ ላይ ያስረክባል፣ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ባዶውን ሲመለስ ይዞልኝ ይመጣል።

ነጅዋ የምትባለው የኮምፒውተር ክፍል ባልደረባችን ከሦስት ወር በፊት በስልክ የሚፈረምበትን ሥርዓት ጨርሳለች። የቀረው የአርባ ሁለቱን ሰው ስም እኔ ማስገባቴ ብቻ ነበር። «እትዬ ዘርፌ፣ መቼ ነው?» ስትለኝ «ነገ» እላለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ነገ አልኳት። አርባ ሁለታችን አንድ ላይ የቀረነው እዚያ መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ እሱን በእጄ መዝጋት አቃተኝ።

አንድ ሰኞ የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ታምራት አስጠራኝ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ይህ የማን ፊርማ ነው?»

በእንዳሻው ስም ትይዩ፣ አርብ ጠዋት በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ የማላውቀው ፊርማ አለ። ባለፈው አርብም አለ። ስምንት አርብ ሙሉ ያው እጅ ነው። እኔ ሳጥኑ መሙላቱን እንጂ ማን እንደሞላው አይቼ አላውቅም።

«ሌላ ሰው እያስፈረመ ነው ማለት ነው» አለ። «ደንቡን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ያሰናብታል። ደብዳቤው ነገ ይወጣል።»

እንዳሻው ከሥራ ከወጣ እናቱን የሚያስታምምበት የለውም። ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ቢሄድ ደግሞ አስታማሚ የላቸውም። ገጹን ፎቶ አንስቼ በባጃጅ ወደ ጫት ተራ ሄድኩ። ሾፌሩ ሳቢር መኪናውን እያስጫነ አገኘሁት። መስመሩን ከቀድሞው ሾፌር ከተረከበ ሁለት ወሩ ነው። የገጹን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት።

«ኤዬ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ አዴ ዘርፌ» አለ ደስ ብሎት። «ዕቃ ተቀብዬ ሳልፈርም አልነሳም፣ ወላሂ። ጫት ሲጫን በተቀባዩ ስም አጠገብ እኔ እፈርማለሁ፣ ሲደርስ እሱ ይፈርማል። እዚህም እንዳሻው የሚል ስም አየሁ፣ ባዶ ሳጥን አየሁ፣ ፈረምኩ። ከጁምዓ በፊት አድርሼልሻለሁ። አንድ ቀን ጠፍቶብሻል?»

አልጠፋብኝም። እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው ላይ ምን ብዬ እቆጣለሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዚያው ጫት ተራ ቆሜ ገባኝ።

ተመልሼ ለአቶ ታምራት ሁሉንም ነገርኩት። መዝገቡን በጫት መኪና የምልከው እኔ ነኝ አልኩት። ሾፌሩ የፈረመው እንደ ጭነት ቆጥሮት ነው አልኩት። እዚህ ላይ ባቆም ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን «ሌላ አማራጭ ካልነበረዎት እንግዲህ...» ብሎ ሊያዝንልኝ ሲል አላስቻለኝም።

«አማራጭ ነበረኝ» አልኩ። «የስልኩ ፊርማ ከሦስት ወር በፊት አልቋል። ሳልጀምረው ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ለወጣት አለቃ ይህን እንዴት አድርገው ያስረዱታል? «ሰዎቹ ናፍቀውኝ» አልኩት። አቶ ታምራት የእንዳሻውን ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥቶ ቀደደ፤ ለእኔ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። መዝገቡ ዛሬ ይዘጋ አለ። ዘጋሁት። አርባ ሁለቱንም ስም እስከ ሥራ መውጫ ድረስ አስገባሁ፤ የእንዳሻውን ስጽፍ አለቀስኩ።

ከዚያ ደወልኩለት። ያመለጠውን አደጋ ስነግረው ሳቀ። የሳቢርን ፊርማ እኔ ለመላኬ ያደረግሁት ምልክት መስሎት ኖሯል።

«ከእንግዲህ በስልክ ነው የምትፈርመው» አልኩት። «አጫጫኑን ልንገርህ።»

«ተጭኗል። ነጅዋ ያኔውኑ ልካልኛለች፤ እናንተ ጋ እስኪከፈት ነው የቀረው ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልክ?»

«መዝገቡ ሲመጣ ሁላችሁንም አያለሁ» አለ። «ሞገስ ፊርማውን እንዳሳጠረ አይቻለሁ። ኤደን ማክሰኞ ማክሰኞ እንደምትቀር አውቃለሁ። እናቴን ትራስ አስደግፌ ስማችሁን አንድ በአንድ አነብላታለሁ። እሷ ግን ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።»

«ምን?»

«መዝገብ ከሚልኩ ሰው አይልኩም ወይ ትለኛለች።»

ሚኤሶ ከጭሮ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው። መዝገቡ ሰባ ጊዜ ሄዷል። ዘመኑ ሰውን ከሰው ለየ እያልኩ ለሰው ሁሉ የማማርረው እኔ፣ አንዲት የታመመች እናት ለመጠየቅ አንድም ቀን ሚኒባስ አልተሳፈርኩም።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት።

«መዝገቡ ተዘጋ አላልሽኝም እንዴ?»

«ተዘግቷል። ለእትዬ ምን ይዤ ልምጣ?»

ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ እናቱን ሲጠይቃቸው ሰማሁ። ምን እንዳሉት ግን አልሰማሁም።

«ምንም አትያዝ፣ ትምጣ ብቻ ትልሻለች» አለኝ።