ላት የሌለው በግ

ሐጂ ያሕያ በአልዩ አምባ ገበያ ሠላሳ ዓመት ጨርቅና ስኳር ሲሸጡ የማይሸጥ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፤ የልጃቸው በግ እስኪመጣ ድረስ።

በጉ ደግሞ በግ አይደለም፤ ሥዕል ነው። ሰብሪና ደብረ ብርሃን በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ተጥዳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራችው፣ የሚራመድ፣ የሚያስነጥስ፣ ሲከፋው የሚያለቅስ የአኒሜሽን በግ ነው። ሐጂ ሊጠይቋት በመጡ ቁጥር ያ በግ መስኮት በምታህለው ስክሪን ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ያገኙታል።

«አባ፣ ዛሬ እኮ በዓለም ላይ ሲኒማ ቤት የሚያጨናንቁት እንዲህ ያሉ ፊልሞች ናቸው» ትላቸዋለች። «የአንድ እንስሳ ፀጉር ነፋስ ሲነካው እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት ብቻ ወራት የሚፈጁ ሰዎች አሉ። ሕዝቡ የሚሰለፈው ያንን ጥራት አይቶ ነው።»

«የማይታረድ፣ የማይሸለት፣ ገበያ የማይወጣ በግ!» ይላሉ ሐጂ። «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። በይ አጥፊውና ምሳ እንብላ።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ የሐጂ ጠብ ከበጉ ጋር አልነበረም። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸዋል። ልጃቸው ናፍቃቸዋለች። ይህን በአፋቸው አውጥተው ከሚናገሩ ግን የአንኮበርን ዳገት በጀርባቸው ጨው ተሸክመው ቢወጡ ይመርጣሉ። ስለዚህ እንደ ነጋዴ ተዋዋሏት። ፊልሙ በደብረ ብርሃን አንድ አዳራሽ ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይታያል። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ፊልሙ ሲያልቅ፣ የአዳራሹን መቶ ሰማንያ ወንበር ሁሉ ሰው ከያዘው ሰብሪና እንደ ልቧ በሥራዋ ትኖራለች። አንድ እንኳ ከጎደለ ኮምፒዩተሯን ጠቅልላ አልዩ አምባ ትወርድና ሱቁን ትይዛለች። ቆጣሪው ራሳቸው ሐጂ ሆኑ። ሰብሪናም አልተቃወመችም፤ አባቷ ለልጃቸው ብለው አንድ ሰው የሚጨምሩ፣ ለራሳቸው ብለው አንድ ሰው የሚቀንሱ እንዳልሆኑ ታውቃለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሐጂ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጠው ቆጠሩ። ሃያ ሦስት ሰው። ከነዚህም ቢያንስ ስምንቱ ዝናብ ሸሽተው የገቡ ገበያተኞች ናቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ በልባቸው፣ ትንሽ እያፈሩ።

ፊልሙ ተጀመረ። በጉ በጭጋግ ውስጥ እየተራመደ መጣ፣ ሣር ነጨ፣ ጀርባውን ሰጠ። ይህን ጊዜ ከፊት ረድፍ ጋቢያቸው የረጠበ አንዲት እናት ብድግ አሉ። እማማ ባፈና ይባላሉ፤ ጣርማ በር ላይ በግ በማርባት ያረጁ፣ የዚያን ዕለትም አራት ሙክት ሸጠው የመጡ ናቸው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» አሉ። «የዚህን በግ ላት ምን በላው?»

አዳራሹ ሁሉ በጉ ጀርባ ላይ አፈጠጠ። እውነትም በጉ ላት የለውም። ከኋላው የተንጠለጠለችው ነገር አለንጋ የመሰለች ቀጭን ጅራት ናት። ሰብሪና ቆላ ከፍየል ጋር ያደገች ልጅ ናት፤ በግ ሲራመድ አስተውላ ያየችው በባሕር ማዶ ፊልም ነው፤ የባሕር ማዶውን በግ ሣለችና የፊልሟ ታሪክ በሚጀምርበት በጣርማ በር ላይ አቆመችው።

«ውሻ ነው» አለ አንድ የእነዋሪ ገበሬ።

«ውሻ ከሆነ ሣሩን ምን አደረገው?»

«ታሟላ! ውሻም ሆዱን ሲያመው ሣር ይግጣል።»

«በግም ሆነ ውሻ፣ እንዲህ ሆኖ የኛን ብርድ አንድ ሌሊት አይወጣውም» ብለው ፈረዱ እማማ ባፈና። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ያየ አልነበረም። ስለ በጉ ሕመም፣ ስለ መድኃኒቱና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲከራከሩ ፊልሙ አለቀ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ደብረ ብርሃን ግን ይህን ጉድ ለመስማት አንድ ሳምንት በቃት። በሁለተኛው ቅዳሜ ገበያው ግማሹ አዳራሹ በር ላይ ነበር። ሐጂ ቆጠሩ፤ መቶ ስድሳ አራት። በጉ ፊቱን ሲያዞር ጭብጨባ፣ ጀርባውን ሲሰጥ ሳቅ። «ጅራቱን! ጅራቱን!» እያሉ ይጮኻሉ። አንዱ ጎረምሳ ሆዱን ይዞ ከወንበር ወደቀ። የሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚሞላ ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ሐጂ ሊሸነፉ መሆኑን ሲያውቁ እንደሚከፋቸው ጠብቀው ነበር። የከፋቸው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ያ ሁሉ ሰው የሚስቀው በልጃቸው ላይ ነው። ሰብሪና ፊልሙን ከሚያሳየው ማሽን አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጆሮዋ እንደ ሚጥሚጣ ቀልቷል።

ሰዉ ሲወጣ ጠጋ አሉና «ሊሞላልሽ ነው» አሏት።

«አውቃለሁ። እኔ ግን ላቱን ልሠራለት ነው፣ አባ።»

«አበድሽ? ሰው የሚመጣው እኮ ለሷ ጅራት ነው! የሚሸጥ ዕቃ ይነካል?» አሉና ወዲያው ደነገጡ። ምን እያሉ ነው? ለማን ነው የሚከራከሩት?

«ፊልሙን የሚያይ ሰው ይምጣልኝ» አለች ሰብሪና። «ለሳቅ የሚመጣው ይቅርብኝ። ሱቁም ከሆነ ሱቁ።»

ሐጂ «ግን እኮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን በግ እያየሁት እንዴት አልታየኝም?» አሏት።

«አንተ መች አየኸው፣ አባ? አጥፊው ነው የምትለኝ።»

በቁጣ አይደለም ያለችው። በቁጣ ብትለው ይሻል ነበር። የኢድ በግ ሲገዙ ላት በመዳፋቸው መዝነው ዋጋ የሚቆርጡ ሰው፣ አንድ ቀን ዓይናቸውን ጣል ቢያደርጉ ኖሮ ልጃቸው ከዚህ ውርደት ትድን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሉ ለራሳቸው።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ያሕያ ወደ አልዩ አምባ አልወረዱም። ጣርማ በር ድረስ በሚኒባስ ወጥተው እማማ ባፈናን አፈላለጉና «እመቤቴ፣ ላቱ የሚያኮራ ሙክት ለሦስት ቀን ያውሱኝ» አሉ።

«ለምን ሊሆን፣ ሐጂ?»

«ሊሮጥ።»

እማማ ባፈና በጉን ብቻውን አልሰደዱም፤ አብረው መጡ። ለሦስት ቀን ሰብሪና በተከራየችበት ግቢ ውስጥ የታየው እንዲህ ነው፦ ሙክቱ ይሮጣል፣ ሐጂ ኮታቸው እየተርገበገበ ይከተላሉ፣ ሰብሪና በስልኳ ከኋላ ትቀርጻለች፣ እማማ ባፈና በርጩማ ላይ ሆነው ያርማሉ። «በዝግታ ሲሄድ እንዲህ ግራና ቀኝ፤ ሲሮጥ ግን ላዩ ላይ ዘፍ፣ ዘፍ! ሐጂ፣ ያፍጥኑታ!» ሰብሪና በጉን ጥላ የአባቷን ሩጫ መቅረጽ እየቃጣት በሳቅ ፈረሰች። ሐጂም እያለከለኩ ሳቁ። ልጃቸው እንዲህ ስትስቅ ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው ነው!

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ወንበሩ ሁሉ ተይዞ የቆመም ነበር። በጉ ከጭጋጉ ወጣ፣ ሣር ነጨ፣ ሕዝቡ ለሳቅ አፉን አሰናዳ። በጉ ጀርባውን ሰጠ። ሰፊ፣ ድብልብል ያለ ላት ግራና ቀኝ ተወዛወዘ።

«ውይ፣ ድኗል!» አለ አንድ ሰው እያዘነ።

«ከዳነ ምን እናያለን? እንሂድ።»

በሩ መከፈትና መዘጋት ጀመረ። ሐጂ አንገታቸውን አስግገው የሚወጣውን ይቆጥሩ ጀመር። አንድ፣ ሁለት... አሥራ አምስት... ሃያ ላይ ሲደርሱ በስክሪኑ ላይ በጉ መንገድ ስቶ ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ማዶ ቆላ ወርዶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ፍየል ተቀበለው። ሐጂ በሁለቱ ቅዳሜ ጫጫታ ይህን ፍየል ልብ ብለው አላዩትም። ፍየሉ ጨው አላሰው፣ ጥላ ሥር አስተኛው፣ አስቸጋሪ ነገረኛ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ወደደው። እማማ ባፈና «ወይኔ ልጄ» ይላሉ በለሆሳስ። መጨረሻ ላይ ፍየሉ በጉን ዋሻው አፍ ድረስ ሸኘው፣ በግንባሩ ገፋ አደረገው፣ በጉም ወደ ደጋው ሄደ።

መብራት በራ። የቀረው ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበ፣ እያወራም ወጣ። ሰብሪና በባዶዎቹ ወንበሮች መካከል ወደ አባቷ መጣች። ዓይኗ አባቷ ላይ ነው፤ የሚሏትን ለመቀበል ራሷን አዘጋጅታለች።

«ስንት ሆነ፣ አባ?»

ሐጂ ያሕያ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እኔ ምን አውቄ?» አሉ በቁጣ። «ፊልም እያየሁ እንዴት ብዬ ልቁጠር?»

ሰብሪና አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሐጂም ስክሪኑን፣ ምንም የሌለበትን ነጭ ጨርቅ፣ ትክ ብለው ያዩ ነበር።

«ያ ፍየል ብቻውን ቀረ፣ አይደል?» አሉ።

«ቀረ፣ አባ።»

«ይልመደዋ» አሉ ሐጂ ያሕያ።