ዶርካስ ቬሪልና «የሞተው» ግስ

ጥፋቱ የእኔ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር ባሕር ጠረፍ የስካርቤክ መንደር አስተማሪ ሳለሁ፣ ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጁት ሊቃውንት በትርፍ ጊዜዬ ቃላት እለቅምላቸው ነበር። አንድ ቀን ወደቡ ላይ ተቀምጬ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ መረብ ጠጋኟ ዶርካስ ቬሪል ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ከጽሑፉ ጎን ያለችው ይቺ መስቀል ምንድን ናት?»

«የቃሉ የድሮ ትርጉም ሞቷል ማለት ነው፣ እማማ። ‹ኒት› የሚለው ግስ ዛሬ ሹራብ መሥራት ነው። ድሮ ገመድ መቋጠር ነበር፤ አሁን እንዲያ የሚል ሰው የለም።»

«የለም? እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ? ጠዋት የልጄን ጀልባ ኒት ያደረገው ሙት መንፈስ ነው?»

አፈርኩ። ቢሆንም ሊቃውንቱ የሚቀበሉት የታተመና ቀን ያለው ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። ዶርካስ ደግሞ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም።

«ከእናቴ የወረስኩትን ቃል ከነነፍሱ ልትቀብሩት!» ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ የዓሣ ነጋዴው የግሪምሾ ጋሪ ከወደቡ ምሰሶ ጋር ተቋጥሮ ተገኘ። ሦስት ጎረምሶች ታግለው ሊፈቱት አልቻሉም። ፖሊሱ ሲመጣ ዶርካስ ሳትጠየቅ «እኔ ነኝ» አለች። አበደች ብዬ ነበር። ሐሙስ ዕለት ችሎት ገብቼ፣ የሳምንታዊው ጋዜጣ ዘጋቢ ሰው የተናገረውን ሁሉ ቃል በቃል ሲጽፍ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ተንኮለኛ ሴትዮ!

«ጋሪውን አስረሽዋል?» አሏት ዳኛው።

«አላሰርኩም ጌታዬ። ኒት አድርጌዋለሁ።»

ታዳሚው አውካካ።

«ሹራብ መሰለሽ እንዴ? ጸሐፊ፣ ‹አሰርኩ› ብለህ ጻፍ።»

«ያልኩትን ይጻፍ!» አለች ወገቧን ይዛ። «እናቴ እንዲህ ነው የምትለው፣ የእናቴም እናት። ሹራቡ ነው ስሙን ከእኛ የወሰደው!»

ዳኛው ፊታቸው ቀላ። «‹አሰርኩ› በይና በነፃ ሂጂ። አለዚያ በድፍረትሽ ሦስት ቀን ትታሰሪያለሽ።»

ከሳሿ ግሪምሾ ሳይቀር አዘነላት። «ኧረ በይውና እንገላገል፣ አንቺ ሴትዮ!»

ዶርካስ ወደ ዘጋቢው ዞረች። ብዕሩ እንዲደርስባት ረጋ ብላ፣ «ጋሪውን ኒት አደረግኩት» አለች። ተማርኩ የምለው ሰውዬ በዚያች መሃይም ሴት ደረቴ ተነፋ።

ቅዳሜ ጋዜጣውን ይዤ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩና አነበብኩላት። ቆርጬ ለሊቃውንቱ ስልክላቸው መስቀሉ እንደሚነሣም ነገርኳት። ቃሉ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እጇን ይዤ ጣቷን አስነካኋት። በገመድ የሻከረው ጣቷ ግማሹን መስመር ሸፈነው። ቀስ ብላ አነሣችና አየች።

«ትንሽ ናት» አለች።

«ትንሽ ናት፣ እማማ።»

«ግን አለች።»