ታርጋ የተከለከለው የዶሮ ቤት

ጎረቤቴ ቨርሊን ስትራውድ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ እንጨት ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በማግስቱ ጋራዡን ባዶ አደረገው። የሣር ማጨጃውን፣ የገና ጌጣጌጡን፣ የሚስቱን የኦሊታን የልብስ ስፌት መኪና ሁሉ አውጥቶ ግቢው ውስጥ ደረደረ።

“ልትሸጥ ነው ወይስ ልትፋታ?” አልኩት ከአጥሩ ማዶ ሆኜ።

“ሆት ሮድ ልሠራ ነው” አለኝ።

እኛ ባለንበት በካሊፎርኒያ በረሃ ዳርቻ ይህንን ተናግሮ የማያውቅ ወንድ የለም። አሮጌ ፎርድ ትፈልጋለህ፣ ፓራፋንጎውን ትነቅላለህ፣ ዝቅ ታደርገዋለህ፣ የማይመጥነውን ትልቅ ሞተር ትሰካበትና በደረቀው ሐይቅ ላይ እንደ እብድ ትነዳዋለህ። አብዛኞቻችን ሐሳቡን ይዘነው እናረጃለን። እኔ ራሴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በየፌርማታው እየቆምኩ ስለ ፍጥነት ሳስብ ዕድሜዬ አለቀ። ቨርሊን ግን ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከትልቁ ጦርነት በፊት፣ ሐይቁ ዳር ቆሞ መኪኖቹ ሲከንፉ አይቷል። አቧራው በጆሮው ገብቶ የቀረ ይመስለኛል።

የሚፈልገው የሠላሳ ሁለት ሞዴል ፎርድ ነበር፤ ጣሪያ አልባው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘው። ያ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ስድስት ወር ፈልጎ በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው እርሻ፣ በወይዘሮ ባስከም ጓሮ አገኘው። መኪናው ከጦርነቱ ማግስት ጀምሮ የዶሮ ቤት ሆኖ ኖሯል። ከላዩ ቆርቆሮ ተመቶበታል፣ በመስታወቱ ቦታ ሽቦ ተወጥሯል፣ ላሜራው በኩስ ብዛት ቀለሙ አይታወቅም።

“ውሰደው” አሉት ወይዘሮ ባስከም። የሰማንያ ሦስት ዓመት መበለት ናቸው። “ግን ጄኔቫንም ትወስዳታለህ።”

“ጄኔቫ ማን ናት?”

“ውስጥ ያለችው ቀይ ዶሮ። ሌሎቹ የትም ያድራሉ፤ እሷ ግን ከዚያ ሌላ ቤት አታውቅም። ብትለያት ትሞታለች፣ ኋላ ካንተ ራስ አልወርድም።”

በእኔ ፒካፕ ጎትተን አመጣነው። ጄኔቫ መንገዱን ሙሉ ከመሪው ሥር ተቀምጣ፣ እንደ ባለቤት ግራና ቀኝ ታይ ነበር።

ሁለት ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ ኩሱን ብቻ በመፋቅ አንድ ወር አለፈ። ኦሊታ አፏ ላይ መሐረብ አስራ፣ “ሰው ጡረታ ሲወጣ ዓሣ ያጠምዳል፣ የኔው ኩስ ይፍቃል” እያለች አብራው ትፍቅ ነበር። ከዚያ የበሰበሰውን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደ፤ ከተጣለ የጭነት መኪና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አውርዶ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታና ገጠመ፤ ኮፈኑ ላይ በየጎኑ ሃያ አምስት የአየር መተንፈሻ ሰነጠቀ። ስቱኮ ቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ እንደገና ቀባ። ለቀለሙ ብቻ ከኦሊታ ጋር ሦስት ሳምንት ተኳረፉና በእሷ ምርጫ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሐል ጄኔቫ በየማለዳው የሹፌሩ ወንበር ላይ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ወንበሩ ተነቅሎ ለቆዳ ሥራ በሄደ ጊዜ እንኳ፣ ወንበሩ በነበረበት ቦታ ባዶ ብረት ላይ ጣለች።

ሲያልቅ በእውነት ቆንጆ ነበር። ቨርሊን የሠርጉን ኮት ለብሶ ሊብሬና ታርጋ ሊያወጣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ ምስክር እንድሆነው እኔንም ወሰደኝ።

ጸሐፊዋ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ተቀብላ መዝገብ ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

“ይሄ መኪና አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“የዶሮ ቤት።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወረዳው የዶሮ ቤት ሁሉ ይመዝገብ ብሎ አዞ ነበር። የወይዘሮ ባስከም ሟች ባል ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነበሩ። ቅጹ “የቤቱ ቁጥር” ሲላቸው ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር አግኝተው፣ እሱኑ ጻፉ።

“አንድ ነገር ቤትም መኪናም መሆን አይችልም” አለች ጸሐፊዋ። “መጀመሪያ ከቤቶች መዝገብ ይሰረዝ።”

“በምን ይሰረዛል?”

“ይፈርሳላ።”

“ምኑ?”

“ቤቱ።”

ቨርሊን የኮቱን ቁልፍ እየነካካ ወደ እኔ ዞረ። “ሃርሞን፣ ይቺ ሴትዮ መኪናዬን አፍርስ እያለችኝ ነው?” አለኝ። “ቤትህን ነው ያለችህ” አልኩት። ምን ላድርግ፣ ያለችው እሱን ነው።

በሳምንቱ የሕንፃ ተቆጣጣሪው አቶ ፔልሃም መጣ። ከሲታ፣ ጠንቃቃ፣ ነጭ ሸሚዝ እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው፤ ከአርባ አይበልጥም። መኪናውን አይቶ ለአፍታ ፈዘዘ፤ ወዲያው ሜትሩን አውጥቶ መለካት ጀመረ።

“ጣሪያ የለውም” አለ እየጻፈ። “ቆጥ የለውም። መሠረቱ...” ብሎ ጎንበስ ብሎ አየና፣ “ጎማ ነው” ብሎ ጻፈ።

“መኪና ስለሆነ ነዋ!” ጮኸ ቨርሊን።

“አቶ ስትራውድ፣ መኪና መሆኑን እኔም በዓይኔ አያለሁ። መዝገቡ ግን የሚለው ሌላ ነው። ነዋሪ አለበት?”

ጄኔቫ ከሹፌሩ ወንበር ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

“አለበት” አለ ፔልሃም፣ ጻፈም። “ነዋሪ ያለበትን ቤት ማፍረስ ክልክል ነው። ያው ለእርስዎም ይሻላል። ሠላሳ ቀን ሙሉ ባዶ ከሆነ ግን እንደ ተተወ ቤት ተቆጥሮ ሳይፈርስ ይሰረዛል። በሠላሳኛው ቀን እመጣለሁ።”

እናም ጄኔቫ ወደ እኔ ግቢ ተሰደደች። ከምርጥ ጣውላ ቤት ሠራሁላት፣ ገለባ አነጠፍኩላት። ዞር ብላም አላየችው። ቀኑን ሙሉ አጥሩ ሥር ቆማ የተዘጋውን ጋራዥ ታያለች። እንቁላል መጣል አቆመች። በሁለተኛው ሳምንት እህል ተወች፤ በሦስተኛው አንገቷ ተመልጦ ቀይ ሆነ። ኦሊታ በቆሎ ፈትፍታ ብታመጣላት ፊቷን አዞረችባት።

“እኔን ስታይ እኮ ፊቷን ታጠቁራለች” አለ ቨርሊን።

“ከቤቷ ያስወጣሃት አንተ አይደለህ፣ ምን ልትስቅልህ ነበር?” አለችው ኦሊታ።

በሠላሳኛው ቀን ፔልሃም በሰዓቱ ደረሰ። ቨርሊን የጋራዡን በር ከፈተ። ጄኔቫ በአዲሱ ቆዳ ወንበር ላይ ተንሰራፍታ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ አንድ እንቁላል።

እኔ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። “ምዬ እላለሁ፣ እኔ አልለቀቅኳትም!” አልኩ።

“እኔ ነኝ” አለ ቨርሊን ጫማውን እያየ። “ትናንት ከሰዓት አስገባኋት። ላባዋ ሲረግፍ እያየሁ... ታርጋ ብሎ ነገር በአፍንጫዬ ይውጣ።”

ኦሊታ ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

ፔልሃም “ነዋሪ አለበት” ብሎ ጻፈ። መዋሸት የማይችል ሰው ነው፤ እጁ ግን ሲጽፍ ቀስ ይል ነበር። ከዚያ ደብተሩን ከድኖ ሣጥን ላይ ተቀመጠና፣ “ሞተሩ ይሠራል?” አለ።

ቨርሊን ዶሮዋን አቅፎ ገባና አስነሣው። ማርሚታ የሚባል ነገር የለውም፤ የቤታችን መስኮት ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሦስት ቤት ርቆ ውሻ ጮኸ። የፔልሃም ዓይን እንባ አቀረረ። ጭሱ ነው አለ። ሞተሩ ሲጠፋ ተነሥቶ ኮፈኑን በመዳፉ ነካና፣ “ቤት ማዛወር እኮ አይከለከልም” አለ።

“ምን ማለት ነው?”

“ሰው ቤቱን ከቦታ ወደ ቦታ በመንገድ ሊያዛውር ይችላል። ቅጽ አለው። ከፊት ቀይ ባንዲራ የያዘ መኪና ይቀድማል፣ ከኋላ ተቆጣጣሪ ይከተላል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከአሥራ አምስት ማይል አይበልጥም። ነዋሪዎች በሚዛወር ቤት ውስጥ አይቀመጡም። መድረሻው ብቻ መጻፍ አለበት። የት ይሁን?”

ቨርሊን ሳያስብ፣ “ሐይቁ” አለ።

በሰኔ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። እኔ በፒካፔ ከፊት፤ ባንዲራው ከመስኮቴ ወጥቶ ይውለበለባል። ከኋላዬ ቨርሊንና ኦሊታ በዶሮ ቤቱ። ከእነሱ ኋላ ፔልሃም በመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ ጄኔቫ ከጎኑ። ሐይቁ ዘጠና ማይል ነው። መቶ ማይል በቀላሉ የሚሄድ ሞተር በአሥራ አምስት ሲጎተት ይፈላል፤ በየግማሽ ሰዓቱ እየቆምን ራዲያተሩን ውኃ አጠጣነው። አንዲት አሮጊት በብስክሌት አለፈችን። አልፋን ስታበቃ ተመልሳ መጥታ፣ “ቀብር ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“አይ፣ ቤት እየቀየሩ ነው” አልኳት።

ከስምንት ሰዓት ጉዞ በኋላ ደረስን። ሐይቁ እንደ ምጣድ ዝርግ ብሎ ነጭ ሆኗል፤ መቶ የሚሆኑ መኪኖች ለፍጥነት ውድድር በሰልፍ ቆመዋል። የውድድሩ መዝጋቢ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። እዚያ ታርጋ የሚጠይቅ የለም።

“ይሄ የሠላሳ ሁለት ፎርድ መሆኑ ነው?” አሉ።

ቨርሊን አዎ ሊል አፉን ሲከፍት ፔልሃም ዶሮዋን በብብቱ ይዞ ቀደመው። “የዶሮ ቤት ነው” አለና ወረቀቱን ዘረጋ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ የውድድሩን ደንብ አውጥተው እሱንም አነበቡ።

“ስለ ቤት የሚል ነገር የለም” አሉ በመጨረሻ። “ፍሬን አለው?”

“አለው።”

“ሂዱ ተሰለፉ።”

ቨርሊን ሲነሣ የአቧራው ደመና ዋጠው፤ ድምፁን ብቻ ነው የሰማነው። በሰዓት መቶ አሥራ ሁለት ማይል። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። እኔን አቀፈኝ፣ ፔልሃምን አቀፈ፣ የማያውቃቸውን ሁለት ሰዎችም አቀፈ።

“ውረድ” አለችው ኦሊታ።

“ምን?”

“ውረድ እንጂ! እኔም ልንዳው።”

“ኦሊቲዬ፣ ይሄ እኮ ገበያ የምትሄጂበት መኪና አይደለም።”

“ኩሱን ስፍቅ ማን ከለከለኝ? ውረድ ብዬሃለሁ!”

ወረደ። የራስ ቁሩን እያሰረላት ምክር ይደረድር ጀመር፤ መጨረሻውን ሳትሰማ ሄደች። የሞተሩ ድምፅ በቨርሊን ጊዜ የነበረውን አይመስልም፤ ከተነሣችበት እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ጩኸት ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፍተው በድምፅ ማጉያው፣ “የዶሮ ቤቱ፣ ሁለተኛ ሙከራ፣ መቶ አሥራ ዘጠኝ” አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቨርሊንም አጨበጨበ፣ ግን ትንሽ ዘግይቶ።

በማግሥቱ ፔልሃም የመመለሻ ፈቃዱን ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ጻፈልን፤ “ቤቱ በዝውውሩ ጊዜ ተነቃንቋል ወይ?” የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ብዕሩን እየነከሰ ቆየና፣ “በመጠኑ” ብሎ ሞላው። ጉዞ ጀመርን። ከኋላዬ በመስታወት አያቸዋለሁ፤ ኦሊታ ትነዳለች፣ ቨርሊን እጁን አጣምሮ ወደ በረሃው ዞሯል። ለውኃ ሦስት ጊዜ ስንቆም አልተናገረም። በአራተኛው፣ ራዲያተሩ ላይ ውኃ እያፈሰሰ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

“ሁለተኛውን ማርሽ መቼ ነው የቀየርሽው?” አላት።

“ሲጮህ ነዋ።”

“እኔም ሲጮህ ነው የቀየርኩት።”

“አንተ እኮ ገና ሲያጉረመርም ትቀይራለህ። ፈሪ ነህ።”

ቨርሊን አሰበበት። “ነኝ” አለ፤ ከዚያ ሣቁ አፍኖት ውኃውን ሁሉ ጫማው ላይ ደፋው።

ታርጋ እስከ ዛሬ አላገኙም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቤቱን ያዛውሩታል፤ ፔልሃም ለዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ አይቀበልም። የውድድሩ መዝገብ ላይ በሹፌርነት የሰፈረው የኦሊታ ስም ነው። ቨርሊን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሆኖ ለማያውቀው ሰው ሁሉ፣ “ሚስቴ መቶ አሥራ ዘጠኝ ነድታለች” ይላል። አንተስ ስንት ነዳህ ብለው ሲጠይቁት፣ “በእኔ ተራ ነፋስ ነበር” ብሎ ዳቦውን ተቀብሎ ይወጣል።