ከምንዋጋው የተገዛች መኪና

አስማረ ላንድሮቨሯን ከሚዜው ከምንዋጋው ሲገዛ ኮፈኗን እንኳ ከፍቶ አላየም። ምን ያያል? ሰቆጣ ውስጥ ሞተር አውርዶ መልሶ የሚገጥም ሰው ምንዋጋው ብቻ ነበር። መንዳት ያስተማረውም እሱው ነው። በሠርጉ ዕለት የሙሽራዋ በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ደንብራ ስትዘል፣ ሌላው አጃቢ ሲጮህ፣ ዘሎ ልጓሟን ይዞ እታለምን ያተረፈለት ምንዋጋው ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ሲገዙ ምስክር ማቆም ነውር ነው።

ጊዜው 1962 ዓ.ም. መስከረም ነበር። አስማረ በሬዎቹን፣ እታለምም የእናቷን የብር ድሪ ሸጠው ገዟት። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ አንዱ በሯ በሽቦ ይታሰራል፣ መቀመጫዋ ተቀዶ ሣሩ ወጥቷል። ሞተሯ ግን በአንድ ምት ይነሣል። ምንዋጋው ቁልፉን ሲያስረክብ፣

«ቀስ ብለህ ንዳት፤ ዳገት ላይ አታስጨንቃት» አለው። አስማረም ምክር መስሎት አመሰገነ።

ከዚያ ወዲያ በሰቆጣና በኮረም መካከል ሰውና እህል ማመላለስ ጀመረ። ታኅሣሥ ላይ እታለም ምጥ ጠናባትና ኮረም ጤና ጣቢያ ወስዷት ወንድ ልጅ ተገላገለች። በስምንተኛው ቀን ሊያመጣቸው ሄደ። ገና ማለዳ ስለ ነበር መስኩን ውርጭ አልብሶታል። ሕፃኑን በሁለት ጋቢ ጠቅልላ እፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አስማረ ከመሪው ሥር ያለችውን የማሞቂያውን መዘውር ሳበ።

«አስማረ፣ ይኸ ነገር ብርድ ነው የሚተፋው» አለችው።

«ቆይ፣ ሞተሩ ይሙቅ።»

ሞተሩ ሞቀ፤ የሚነፍሰው ግን ያው ብርድ ነው። ብዙም ሳይሄዱ የሕፃኑ ከንፈር ጠቆረ፣ ልቅሶውም ቀጠነ። እታለም ቀሚሷን ከፍታ ከገላዋ አጣበቀችው። አስማረ መንገድ ዳር ያገኘው ቤት ደጃፍ አቁሞ፣ ባለቤቶቹን ለምኖ እሳት ዳር አስቀመጣቸው። ሕፃኑ እንደገና አልቅሶ ጡት እስኪይዝ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ሰቆጣ በሰላም ገቡ፤ እሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንን የጠቆረ ከንፈር ሲያይ አደረ።

በማግስቱ ምንዋጋው ዘንድ ሄደ።

«ማሞቂያው? ተዋት እሷን» አለ ምንዋጋው። «እንግሊዝ ለገዛ አገሩ ብርድ ብሎ የሠራት ናት። እኛ ጋቢ አለን።»

«ልጁ ሊሞትብኝ ነበር።»

ምንዋጋው ይህን ጊዜ ቀልዱን ተወ። ካቻቢቴውን ይዞ መጣ፤ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ትንሽ ጎረጎረና ተነሣ።

«የመዘውሯ ሽቦ ላልታ ነው። እንግዲህ ትሞቃለች። ሌላ ነገር እንዳትነካካ፤ ቱቦው አሮጌ ነው፣ ይበጠስብሃል።»

አልሞቀችም። አስማረ ግን ሚዜው ዋሸኝ ብሎ አላሰበም፤ ተሳስቶ ይሆናል አለ። ምንዋጋው የእህል ወፍጮ ሊጠግን ወደ ጽጽቃ ሲወርድ፣ ባለሙያውን እንዳላሳፍረው፣ እስኪመለስ እኔው ልየው ብሎ ኮፈኗን ከፈተ።

አሳቡ ቀላል ነበር። ማሞቂያው ሙቀት የሚያገኘው ከሞተሩ ውሃ ነው። አንድ ጎማ ቱቦ የፈላውን ውሃ ከመሪው ሥር ወዳለችው የማሞቂያ ሣጥን ይወስዳል፤ ሌላው ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት ቆየና ሁለቱን ቱቦዎች በየተራ ጨበጠ። የሚወስደው መዳፉን አቃጠለው። የሚመልሰው እንደ ወንዝ ድንጋይ የቀዘቀዘ ነው። እንግዲያው ውሃው ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ሣጥኗ ውስጥ አንድ ነገር ደፍኖታል ማለት ነው።

ሞተሩን አብርዶ፣ ቱቦዎቹን ነቅሎ፣ ሣጥኗን ፈትቶ ግቢው ውስጥ ጥርብ ድንጋይ ላይ አኖራት። በአፉ ቢነፋ አያልፍም። ዝገት ይሆናል ብሎ ትኩስ ውሃ ጨመረባትና ደጋግሞ ናጣት። ከቱቦው አፍ ቡናማ ልጋግ ተንጠለጠለ። በጣቱ ሲይዘው እንደ ክር ይሳባል።

እታለም ልጇን ታቅፋ ፀሐይ ትሞቅ ነበርና ተነሥታ መጣች። ልጋጉን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ጣቷ ላይ ቀረ።

«ተልባ ነው» አለች።

«ተልባ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» ብላ ሳቀች።

አስማረ አልሳቀም። የራዲያተሩን ውሃ ከሥር ለቀቀው፤ እሱም ልጋግ ነው። ሾፌሮች ሲያወሩ የሰማው አለ። የሚያፈስ ራዲያተር ውስጥ ተልባ ዱቄት ቢጨምሩበት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍናል። ቀዳዳውን ሲደፍን ግን የማሞቂያውንም ቀጭን ቱቦ ይደፍናል። ተልባ የጨመረ ሰው የሚደብቀው ቀዳዳ አለው።

ሁሉንም አጠበ። ሣጥኗን በዚህኛው አፍ ውሃ እየጨመረ፣ በወዲያኛው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ሲያጥባት ዋለ። ከዚያ መልሶ ገጠመ፣ ንጹሕ ውሃ ሞላ፣ ሞተሩን አስነሣ። ከመሪው ሥር ትኩስ አየር ወጣ።

«እታለም! ነይ እግርሽን እዚህ አድርጊ!»

ገብታ እግሯን ዘረጋች። «ውይ! እንደ ምድጃ!» አለች። ደስታቸው ብዙም አልቆየም። ከሞተሩ ጎን ጭስ የመሰለ እንፋሎት ተነሣ፣ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። አስማረ ሞተሩን አጥፍቶ በጨርቅ ወለወለው። በሞተሩ ራስ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ ዙሪያውን የደረቀ ተልባ ተጋግሮበታል።

እታለም ልጇን እያባበለች ወርዳ ስንጥቁን አየችና፣

«አስማረ» አለች፤ «ምንዋጋው ጳጉሜን ላይ፣ መኪናዋን ከመሸጡ በፊት፣ ሆዴ ደረቀብኝ ብሎ ተልባ ጠይቆኝ ነበር። ወቅጬ አንድ ቅል ሙሉ ሰጠሁት። በማግስቱም ጨምሪልኝ ብሎ መጣ። ያልተቆላ ይሁንልኝ ሲለኝ እኔ ስቄበት ነበር።»

ቅዳሜ ምንዋጋው ከጽጽቃ ተመለሰ። አስማረ ልጋጉን በጣሳ ይዞ ሄደና እፊቱ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው?»

«ሆድህን ያሻለህ ተልባ።»

ምንዋጋው ጣሳውን አየ እንጂ አልነካውም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ነሐሴ ላይ ከጥራሬ ወንዝ ዳገቱን ስወጣ ውሃ አልቆባት ሞተሯ ጋለ» አለ። «ቸኮልኩ። ሳትበርድ የወንዝ ውሃ ቸለስኩባት። ሲሰነጠቅ በጆሮዬ ሰማሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትገዛት ነበር?»

«ሌላ ገዢ አጥተህ ነው?»

ምንዋጋው መሬት መሬቱን አየ። «ሌላ ሰው ይከሰኝ ነበር» አለ። «አንተ ግን አትከሰኝም።»

ለአስማረ ስድብ ቢሰድበው፣ ቢክደው ይሻለው ነበር። ሚዜው ከሰው ሁሉ እሱን የመረጠው ስለሚወደው መስሎት ነበር፤ ለካ ሲበደል ዝም የሚል ሰው ፈልጎ ነው።

«ያን ቀን ጎንበስ ብለህ ስትጎረጉር፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ልጁ ሊሞትብኝ ነበር ብዬህ?»

ምንዋጋው ከተቀመጠበት ተነሣ። «አበጃታለሁ፤ በራሴ እጅ፣ በራሴ ወጪ» አለ። አስማረም እምቢ አላለም። ሌላ የሚያበጃት ሰው የለማ።

ምንዋጋው የሞተሩን ራስ ፈትቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና ደሴ ድረስ ወስዶ አስበየደው። ተመልሶም እነ አስማረ ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን ሠራ። አስማረ መፍቻ ሲጠየቅ ያቀብላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም። እታለም ምሳ ስታቀርብ አስማረ «በልቻለሁ» ይላል። ምንዋጋውም እንደ እንግዳ ሰው ለብቻው ይበላል።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተነሣ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ምንዋጋው መዳፉን ማሞቂያው አፍ ላይ ዘረጋ።

«ሞቀች» አለ።

«ሞቀች» አለ አስማረ።

ምንዋጋው እጁን እየጠረገ ትንሽ ቆመ። እታለም ነፍሰ ጡር ሳለች ጀምሮ የልጁ የክርስትና አባት እሱ እንደሚሆን የተነጋገሩት ነበርና፣

«ከነገ ወዲያ አርባ ቀኑ ነው። ለክርስትናው በስንት ሰዓት ልምጣ?» ሲል ጠየቀ።

«መሪጌታ ገብረ ሊባኖስን ለምኛቸዋለሁ።»

«እኔ አልነበርኩም እንዴ?»

«አንተ ነበርክ።»

«አስማረ፣ አበጀኋት እኮ።»

«አዎ፣ አበጀሃት» አለና አስማረ ኮፈኗን ዘጋ።

በክርስትናው ዕለት መሪጌታ ሕፃኑን ታቅፈው መኪናዋ ውስጥ ሲገቡ ሙቀቱ ገርሟቸው፣ «ልጄ፣ ይኸ እሳት ከወዴት ነው?» አሉ። አስማረ፣ «ከሞተሩ ውሃ ነው፣ አባ» ብሎ ያን ብቻ መለሰላቸው። ልጁ ወልደ ጻድቅ ተባለ።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንድ ሙክት በግ ግቢው ውስጥ ታስሮ ቆያቸው። የላከው ምንዋጋው ነው። እታለም ባሏን አየችው። አስማረ ይመለስ አላለም፤ ይታረድም አላለም። እንግዶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። በጉ ጥግ ላይ እንደ ታሰረ ሲጮህ ዋለ።