ያልታመመው ገብስ

አጎቴ የሁለት ዓመት ሙከራዬን ገደል ከተተው። በክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሥራዬ አረማሞ የሚባለውን የገብስ በሽታ በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ መከላከል ነው። በሽታው ከዘሩ ጋር ተዘርቶ፣ ዛላው ሲወጣ ፍሬውን ጥላሸት ያደርገዋል። ዘሩ ከመዘራቱ በፊት በጭማቂው ከታሸ ይድናል ነው ክርክሬ። ይህን ለማሳየት በአጎቴ ማሳ ላይ አሥራ ሁለት መደብ አወጣሁ። ለስድስቱ የታሸ ዘር ሰጠሁት፣ ለስድስቱ ያልታሸ፤ ሁሉም ከአንድ የታመመ ማሳ የተሰበሰበ። ያልታሸው መታመም አለበት። ካልታመመ፣ የታሸው በምን እንደዳነ ማንም አያውቅም።

ዛላ ልቆጥር ስሄድ አንድም ጥቁር አጣሁ። በአሥራ ሁለቱም።

"ጋሼ፣ ያልታሸውን ዘር ምን አደረግከው?"

"ምን አደርገዋለሁ? ዘራሁት።"

"እንዲሁ?"

አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን መረመረ። "አክስትሽ ሽንኩርቱን ላጠች፣ እኔ ወቀጥኩ። አንቺ ስትሠሪ አይቼ የለ? እያወቅኩ የታመመ ዘር ልበትን እንዴ? ደግሞ አለቃሽ መጥቶ ግማሹ ጠቁሮ ቢያይ፣ ይቺ ልጅ ምን ተምራ ነው አይልም?"

"ግማሹ እንዲጠቁር እኮ ነው የፈለግኩት!"

"እሰይ! ላጉርስ ባልኩ እጄን ነከስሽው።"

ሪፖርቱ የሚገባው ሐሙስ ነበር። ውጤት ካላሳየሁ ሥራው ይዘጋል፣ የሥራ ክፍሌም በሽታውን በኬሚካል ለሚከላከለው ቡድን ይሰጣል። ይህን ስነግረው ቀልዱን ተወ። ሐሙስ ጠዋት መሥሪያ ቤት ስደርስ ቀድሞኝ በር ላይ ቆሟል፤ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥፋቱን ራሱ ሊናገር።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። "አባቴ፣ ይቀመጡ" ብሎ ከወንበሩ ላይ የፋይል ክምር በራሱ እጅ አነሳ። ታሪኩን ሲሰማ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ዘሩ የተሰበሰበበት ማሳ አምና ከመቶ ዛላ አሥራ ስምንቱ ታሞ ነበር አይደል? ያልታሸው ዘንድሮም ያን ያህል መታመሙ አይቀርም ነበር። አሥራ ስምንት ብለሽ ሙዪው። ማን ይጎዳል?"

የአጎቴ ፊት በራ። "ሙዪው እንጂ ልጄ! እኔም በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ እመሰክራለሁ። እንዲያውም ሃያ አድርጊው!"

"ጋሼ!"

"እሺ፣ አሥራ ስምንት ይሁን።"

እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶዬን ከፍቼ ነበር። ቁጥሩ ትክክል ሊሆንም ይችላል። ግን የሆነ ገበሬ ሪፖርቱን አምኖ ዘሩን ያሻል። ጭማቂው ዝናብ በበዛበት ዓመት ካልሠራለት ማሳው ይጠቁራል፣ አሥራ ስምንት ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ላይ ያልታሸው ዘር የሚሞላባቸውን ስድስት ሳጥኖች በሰረዝ ዘጋሁና ከሥር "ማነጻጸሪያው ዘር ስለታሸ ውጤት የለም" ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ አነበበው። "ክፍሉን ላስቀርልሽ አልችልም" አለ ቀስ ብሎ። "የተረፈውን ዘር ግን ውሰጂ።"

"መሬትማ አለ!" አለ አጎቴ። "የከርሞውን ስድስት መደብ ዞር ብዬም አላየው!"

"ታሸዋለህ፣ ጋሼ።"

"አላሸውም!"

ዓይን ዓይኑን አየሁት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣሪያውን አየ።

"አሸዋለሁ" አለ በመጨረሻ።

"የማይወደኝ ሰው መሬት ነው የሚያስፈልገኝ።"

"ጎረቤቴ አለልሽ። ባለፈው 'የሽንኩርቷ ሊቅ መጣች' እያለ ሲሳለቅብሽ ነበር። ሽንኩርት ሊልጥልሽ ቀርቶ፣ ቤቱ ቢቃጠል ውኃ እስኪያቀብሉት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።"

"እሱ ይሆነኛል።"

"ይሰድብሻል እኮ።"

"ይስደበኝ። ዘሩን ብቻ አይንካብኝ።"

ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። የዘሩን ከረጢት ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ አጎቴን አስቀድሜ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።